ብራውዘርዎ አርጅቷል

ውድ ወንድሜ፣

ይህን የምልከው ወደ ድሮው ኢሜይልህ ነው፤ ሌላ አድራሻ የለኝም። ስልክህ አገልግሎት ላይ አይደለም ማለት ከጀመረ ቆይቷል። መደወሉን ግን አልተውኩም።

ደህና ነህ ወይ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ነገር ግን ደህና ሆነህ ብትገኝም የሚያስፈራኝ ነገር አለ፣ ሳትሆን ብትገኝም የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ስለዚህ ሰላምታውን በይደር ልተወውና የሆነውን ልንገርህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ጋሼ ታመሙ። ኩላሊታቸው ነው። አጎታችንን መቼም ታውቃቸዋለህ፤ እናታችን ካረፈች ጀምሮ እኛን ሲያሳድጉ አንድም ቀን አመመኝ ብለው አያውቁም። በሽታ በር ካልከፈቱለት ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል ባይ ናቸው። ይኼኛው አልሄደም። አሁን እኔ ኮምፒውተሮቹን ወደምጠብቅበት የኩላሊት እጥበት ማዕከል እየመጡ ደማቸው ይታጠባል። ረጅም አዳራሽ ነው። በመስኮቱ በኩል ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ወንበር አጠገብ ማሽን ቆሞ ያጉረመርማል። ሰው ደሙ በቀጭን ቱቦ ወጥቶ ሲመለስ እያየ ይቀልዳል። ካልቀለደ አይዘልቀውም።

ከጋሼ ቀጥሎ ያለው ወንበር የዳኛው ነበር። የፍርድ ቤት አይደሉም፤ የእግር ኳስ ዳኛ የነበሩ ናቸው። ከደረት ኪሳቸው ቢጫ ካርድ አይጠፋም፤ መርፌ አሳስታ የወጋቻቸውን ነርስ አውጥተው ያሳዩአታል። ጋሼ ማማረር ሲጀምሩ ደግሞ «ሰዓት ማባከን» ብለው ካርዱን ወደ እሳቸው ያዞራሉ። ጋሼ እንደዚያ ከልባቸው ሲስቁ እማዬ ከሞተች ወዲህ አላየሁም ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት እንግዳ መቀበያ ላይ የሚሠሩት ሴትዮ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ የአንድ የመድን ድርጅት ስልክ ቁጥር ፍለጋ ኢንተርኔት ከፈቱ። የከፈቱት ገጽ የታወቀ ነው፤ ሺህ ጊዜ ገብተውበታል። ያን ቀን ግን ገጹ ላይ ሌላ ነገር መጥቶ ተጋረደበት። «ብራውዘርዎ አርጅቷል። ያረጀ በር ለሌባ ይመቻል። ደኅንነትዎን ለማደስ እዚህ ይጫኑ» ይላል። እትዬ ተጫኑት። አንተ ብትፈርድባቸውም እኔ አልፈርድባቸውም። በኋላ ሲያለቅሱ ያሉኝ አንድ ነገር አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም፦ «አነጋገሩ ጨዋ ነበር እኮ ልጄ። ሌባ እንደዚህ አይናገርም።»

የወረደው ነገር የብራውዘር እድሳት አልነበረም። ረፋዱ ላይ ተረኛዋ ሲስተር እኔ ክፍል ድረስ መጥታ «መዝገብ አልከፍት አለኝ» ስትለኝ የእኔም ስክሪን ጠቁሮ ነበር። እትዬ ብራውዘሩ ላይ አስቀምጠውት የነበረውን ፓስወርድ ይዞ ወደ ዋናው ሰርቨር ገብቷል። የሕመምተኞቹ መዝገብ በሙሉ ተቆልፏል። ቁልፉን የሚፈልግ ይክፈል የሚል ጽሑፍ ብቻ ነበር የቀረው።

ማሽኖቹ አልቆሙም። ቢቆሙ ይሻል ነበር። እጥበት ላይ ከሰውነት የሚወጣው ውሃ የሚሰላው ከሕመምተኛው ትክክለኛ ክብደት ተነሥቶ ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ክብደት ደግሞ ተቆልፎ ከነበረው መዝገብ ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ላይ ግን ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሲስተር እየዞረች ክብደታቸውን በቃል መጠየቅ ጀመረች።

ዳኛው ጋ ስትደርስ «ያው የድሮው ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለ» አሏት። የነገሯት ያለፈውን ዓመት ቁጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሴት ልጃቸው ዘንድ ገብተው፣ በልጃቸው እጅ እየበሉ፣ ሥጋ ጨምረው ነበር። ማሽኑ ያዘዙትን ያደርጋል። ትርፍ ውሃ ነው ብሎ ያወጣው ትርፍ አልነበረም። ጋሼ አጠገባቸው ሆነው «በረደኝ» ሲሉ ሰሟቸው፤ ብርድ ልብሱን ሊያለብሷቸው ነፃ እጃቸውን ዘረጉ። ዳኛው አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዘንብለው ቀሩ። ሐኪሙ ሮጦ መጣ፤ ደረታቸውን ሲጫን ብዙ ቆየ። ጋሼ ከማሽኑ ጋር ታስረዋልና ፊታቸውን ማዞር እንጂ መነሣት አልቻሉም።

ይህን ሁሉ የምነግርህ የማታውቀውን ሰው ሞት ላረዳህ አይደለም። ቀጥሎ የሆነው ነው።

ከፖሊስ የኮምፒውተር ወንጀል ክፍል አንዲት መርማሪ መጣች። ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምታወራ ሴት ናት። እትዬ ያዩትን ገጽ ከምንም ጋር ባልተገናኘ ላፕቶፕ ላይ አውጥታ ክፍሌ ውስጥ ከፈተችልኝ።

«እስቲ አንቺም አንብቢው» አለችኝ። «እኔ የማያቸው ሁሉ በማሽን የተተረጎሙ ናቸው፤ ራስና እግራቸው አይታወቅም። ይኼ ግን ሰው የጻፈው ነው። ያውም ቋንቋ የሚችል ሰው።»

አነበብኩት። እትዬ ያላስተዋሉት አንድ መስመር ከሥር ነበረ። «እድሳቱ እስኪያልቅ ስክሪንዎ ሊጨልም ይችላል። አይሥጉ፤ ጨለማ እንግዳ ነው፣ ይሄዳል።»

ወንድሜ፣ መስመሩን ደግሜ አነበብኩት።

«ምነው፣ ፊትሽ ተለዋወጠ?» አለችኝ መርማሪዋ።

«ደክሞኝ ነው» አልኳት።

ቤት ስገባ ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀምጠው መርፌ የለመደ ክንዳቸውን ያሻሉ። ደም ሥሩ አብጦ ገመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ እማዬ ምን ነበር የምትለን?»

«ጨለማ እንግዳ ነው፣ ይሄዳል። ምነው ዛሬ ትዝ አለሽ?»

ነገርኳቸው። ክንዳቸውን ማሸት ተዉ።

«ሌላ ሰው ሊለው አይችልም?»

«ከእማዬ ሌላ ሲለው የሰሙት ሰው አለ?»

«የለም» አሉ። «እኔ እንኳ ከእሷ ነው የሰማሁት። ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ።» ቀጥለውም «ልጁ እየጠራሽ ነው። እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ እያለሽ ነው» አሉኝ።

«ወይም ቃል ቢያጥረው የእናቱን ሸጠ» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር። አሁንም አልበረደልኝም።

ጋሼ አልተቆጡኝም። «ይሁን። ሁለቱም ይሁን። ነገ ሄደሽ ለሴትዮዋ ትነግሪያታለሽ።»

«ያስሩታል እኮ ጋሼ።»

«ከታሰረ የት እንዳለ አውቃለሁ» አሉ።

ያን ቀን እንቅልፍ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። ማተሚያ ቤት የሠርግ ጥሪና የሐዘን መግለጫ ትጽፍ የነበረው ትዝ አለኝ። ሰው ስለ ሟቹ ሁለት ቃል ነግሮህ ይሄዳል፤ አንተ ጽፈህ ስትሰጠው ቆሞ ያነባል፣ ያለቅሳል። ጋሼ ባለቅኔው ይሉህ ነበር፤ ሲያሾፉም ሲኮሩም። ከዚያ ያ ለስላሳ ሰውዬ መጣ። ለአንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅት የትርጉም ሥራ ነው፣ ማደሪያም አለው፣ የአውሮፕላን ትኬቱንም እኛ እንችላለን አለህ። ሻንጣህን የዘጋሁልህ እኔ ነኝ፤ አንተ ላዩ ላይ ተቀምጠህ እየሳቅህ።

መጨረሻ የደወልክ ጊዜ ከጀርባህ ብዙ ሰው ኪቦርድ ሲመታ ይሰማ ነበር፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። «ምሳ በላህ?» ስልህ «ሁሉም ነገር በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» አልከኝ። እንደ ዜና አንባቢ። ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ አለፍኩት።

በማግስቱ ለመርማሪዋ ሁሉንም ነገርኳት። ስምህን፣ የሄድክበትን ጊዜ፣ የሰውዬውን መልክ። ፎቶህንም ሰጠኋት፤ ከጋሼ ጋር አጥሩን ተደግፋችሁ የተነሣችሁትን። አንዴም ሳታቋርጠኝ ጻፈች።

«እንዲህ ያለውን የሚጽፉት ሁለት ዓይነት ናቸው» አለችኝ ስትጨርስ። «አንደኞቹ ፓስፖርታቸውን ተቀምተው ግቢ ውስጥ ተቆልፎባቸው፣ እየተደበደቡ የሚሠሩ። ሁለተኞቹ ደህና ተከፍሏቸው ወደው የሚሠሩ።»

«የኔው ከየትኞቹ ነው?»

«አንዳንዱ እንደ አንደኞቹ ገብቶ እንደ ሁለተኞቹ ይኖራል። ለአንዱ ብቻ አትዘጋጂ። ለሁሉም ተዘጋጂ።»

ከዚያ በኋላ የቀረኝ ሥራ ብቻ ነበር። መዝገቡን ከቆየ ቅጂ ላይ እየቃረምን፣ የጎደለውን ሕመምተኛውን በሚዛን እየለካን መልሰን ሞላነው። መዝገብ የሚከፍቱትን ኮምፒውተሮች ከኢንተርኔት ለይቼ ቆረጥኳቸው። የቀሩት ላይ ያሉትን ብራውዘሮች አንድ በአንድ ተቀምጬ አጸዳሁ። ሰው እየጨመረ የሰበሰበውን ተለጣፊ ፕሮግራም ሁሉ ነቀልኩ፤ ብራውዘሩ በማስታወሻው የያዘውን ፓስወርድ አጠፋሁ፤ እድሳቱ ከራሱ ከውስጥ፣ ሰው ሳይነካው እንዲመጣ አደረግኩ፤ ከየትም ገጽ ፕሮግራም እንዳይወርድ ዘጋሁ። አዲሱ ቅጂ በየቀኑ ይገለበጣል፤ ከዚያ ገመዱ ተነቅሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል።

ለእትዬም አስተማርኳቸው። «ገጽ መጥቶ አድሱኝ፣ ታምሜአለሁ፣ አርጅቼአለሁ ካለዎት ይዝጉት። እውነተኛ እድሳት ደጅ ቆሞ አይለምንም።»

አሁን ምንም አያምኑም። ባለፈው «ዛሬ ዝናብ አለ ይላል፣ ልመነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለታችንም ልንስቅ አፋፍ ላይ ደርሰን ነበር፤ ከዚያ ዓይናቸው ወደ አዳራሹ፣ ወደዚያ ወንበር ሄደ።

አንድ ነገር ልንገርህ። ይህን ሁሉ ስሠራ አንድ ሰው ከፊቴ አይጠፋም ነበር። ሌላ ጊዜ ስዘጋ ከማላውቀው ሰው ነው የምዘጋው፤ መልክ የለውም። አሁን ግን እያንዳንዱን ቀዳዳ ስደፍን፣ እዚህ ጋ ቢመጣ ምን ብሎ ያባብላል እያልኩ ነበር የማስበው። ስትለማመጥ አውቅሃለሁና። ሰውን በምን እንደምታሸንፍ አውቃለሁና። በአንተ ላይ ነው በሩን ያጠበቅሁት፣ ወንድሜ። የሚገርመው፣ በደንብ አጥብቄዋለሁ።

የዳኛው ልጅ የአባቷን ካልሲና ብርድ ልብስ ልትወስድ መጣች። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ማንም አላስገደደኝም። አልቻልኩም። ከእትዬ ጠረጴዛ ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ወስጄ ነገርኳት። ብርድ ልብሱን እያጠፈች ሰማችኝ፤ አጥፋ ስትጨርስ ፈታችውና እንደገና አጠፈችው።

«ስሙ ማን ነው?» አለችኝ።

«ምን ያደርግልሻል?»

«የማንን ስም እየጠላሁ እንደምኖር ልወቅ።»

ነገርኳት። ራሷን ነቅንቃ ወጣች። እኔን አልተሳደበችም። ነግሬያት ቢቀለኝ ኖሮ ይህን አልጽፍልህም ነበር።

ጋሼ ቦታ ቀይሩልኝ አላሉም። አሁን በዚያ ወንበር አንዲት ወጣት መምህርት ትታጠባለች። ጋሼ ሁልጊዜ ሳይሰለቹ «ክብደትሽን ታውቂዋለሽ?» ብለው ይጠይቋታል። ሽማግሌው ነካ ያደርጋቸዋል ብላ ሳታስብ አትቀርም።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት እንደገና መጣ። ያው ገጽ፣ ያው ቀለም። ብራውዘሩ ገና ሳይከፍተው አስቆመውና ማስጠንቀቂያው እኔ ዘንድ ደረሰ። ስንጠብቀው የነበረ ነው። መርማሪዋ ላፕቶፕዋን ይዛ መጣች፤ ክፍሌን ዘግተን ከፈትነው።

ጽሑፉ ተለውጧል። «የእርስዎ የብራውዘር ጊዜ ያለፈ ሆኖ ተገኝቷል ማደስ ለመሆን ጠቅ አድርጊ» ይላል። እናታችን የለችበትም። ሰውም የለበትም።

«ይኼስ የእሱ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ተኝቶም እንዲህ አይጽፍም።»

ጻፈች፤ ቀና ሳትል። ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳት። «ወይ አምልጧል፣ ወይ ሌላ ቦታ ወስደውታል» አለችና ብዕሯን ዘጋች። ሦስተኛውን አልተናገረችውም። እኔም አልጠየቅኳትም። ለጋሼ ስነግራቸው ሁለቱን ብቻ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ግን ሦስተኛውን ሲቆጥሩ ፊታቸው ላይ አየሁት።

ወንድሜ፣ ካመለጥክ ወደ ቤት ና። ስትመጣ እጅህን ይዤ ቀጥታ ወደ መርማሪዋ ነው የምወስድህ፤ ከአሁኑ ልወቀው ካልክ እወቀው። ጠበቃ እፈልግልሃለሁ፤ ስንቅ አመላልስልሃለሁ፤ የዳኛው ልጅ ፊት ስትቆም አጠገብህ እቆማለሁ። የምትለውን ግን አንተው ታገኘዋለህ፤ ቃል አላበድርህም። ጋሼ «ንገሪው፣ ማሽኑ ላይ ሆኜም ቢሆን እጠብቀዋለሁ» ብለውሃል።

አሁን ደግሞ አንተን አይደለም የማናግረው። ይህን ኢሜይል ከእሱ በፊት ሌላ ሰው ሊከፍተው እንደሚችል ሥራዬ ነውና አውቃለሁ። አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ድረስ ካነበብክ ልብ ብለህ ስማኝ። ስሙን ሰጥቻለሁ። ፎቶውን ሰጥቻለሁ። ያመጣውን ሰው መልክ፣ የመጨረሻ ጥሪውን ቀን፣ የጻፈውን መስመር ሁሉ ሰጥቻለሁ። ማንም የለውም ብለህ የያዝከው ልጅ የሚፈልገው ሰው አለው። እስኪገኝ ድረስ አንተንም የሚፈልግህ ሰው አለ።

እህትህ