ባለ አንድ ጉብታዎቹ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
መቶ አስር ኳሳር አየሁ። ዓይኔ ቆሰለ። እህቴ ደውላ፣ «እሱ ኳሳር የምትዪው ነገር ይበላል?» አለችኝ። ኮከብ የሚመስል፣ ግን እጅግ ሩቅ ያለ ብርሃን ነው አልኳት። ማሽኑ ከሰማይ ቅኝቱ ይመርጣል፣ እኔ ደግሜ አያለሁ። በብርሃኑ ሥዕል ላይ ያለው መስመር ሁለት ጉብታ ካለው ርቀቱ ቁርጥ ነው። አንድ ብቻ ከሆነ ቅርብም ሊሆን ይችላል፣ ሩቅም... ያኔ «አይታወቅም» ብዬ አልፋለሁ።
«ባለማወቅ ደሞዝ ይከፈላል?» ብላ ሳቀች።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6
የሥራው ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «እናቴ፣ ‹አይታወቅም› አበዙ። የሰማይ ካርታው ርቀት ይፈልጋል።»
አፈርኩ። ትምህርት ቤት ሳልሄድ፣ በባለቤቴ መጻሕፍት ፊደል ቆጥሬ እዚህ የደረስኩ ሰው... ሥራ አትችልም ይበሉኝ?
ከምሳ በኋላ ሠላሳ ሰባት ባለ አንድ ጉብታ መጡ። ሁሉንም «ሩቅ» አልኳቸው። በግምት።
የእያንዳንዱ የመጨረሻ ምልክት የሁለተኛው ዓይን፣ የኔን መልስ ደግሞ አይቶ የሚያጸድቀው ሰው ነው። ሁለተኛ ዓይኔ ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ልጅ ናት፣ ፍልቅልቋ የምንላት። «እትዬ ካዩት እኔ ምን እጨምራለሁ!» ብላ ሳታይ «እስማማለሁ» እያለች ነካካችው። አየኋት። የሚቀጥለውን ከፈትኩ።

አርብ፣ ጥቅምት 8
ባለቤቴ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት። የቴሌስኮፑን ጣሪያ የሚጠግን እሱ ነበር። ጠዋት «ደረቴን ወጋኝ» አለኝ። «ንፋስ ነው» አልኩት። ሸሚዙን አቀበልኩት። የጣሪያውን ደረጃ አልጨረሰም።
«ምን ታውቂ ነበር?» ይሉኛል። ልክ ነው፣ አላውቅም ነበር። ታዲያ ለምን እንደሚያውቅ ሰው ተናገርኩ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19
ከሠላሳ ሰባቱ አሥሩን በትልቁ ቴሌስኮፕ አይተዋቸዋል። ሰባቱ ቅርብ ናቸው። ዶክተሩ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ወረቀቱን ለፍልቅልቋ ዘረጋላት። «የመጨረሻው ምልክት የማን ነው?»
«የኔ» አለች። ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ እስክሪብቶዬ...

ረቡዕ
ሰላም አለችኝ። ነገ እናገራለሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21
የስንብት ደብዳቤ ሰጧት። ኩባያዋን በጋዜጣ ጠቀለለች። አሁንም አልተናገርኩም። ምላሴን ማን አሰረው?

አርብ፣ ጥቅምት 22
ነገርኩት። ግምቱ የኔ ነው፣ ሳታይ ስትስማማም አይቻለሁ አልኩት። ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። «ትናንት ቢሆን ኖሮ...» አለ። ከዚያ «ይደውሉላት፣ ትመለስ።»
ደወልኩ።
«እትዬ፣ ግምቱስ ይሁን። እኔም ሳላይ ነው የተስማማሁት። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር።»
እውነቷን ነው።
«አልመለስም። ደህና ይሁኑ።»

ሰኞ፣ ኅዳር 2
ወንበሯ ባዶ ነው። ዶክተሩ አላባረረኝም፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም ደግሜ እንድመለከት አዘዘኝ። «እናቴ» ማለቱን ትቷል። የቀሩትን ሃያ ሰባት ከፈትኩ። አይታወቅም። አይታወቅም። እስከ መጨረሻው... ሁለተኛ ዓይን የሚለው ቦታ ላይ የሚጻፍ ስም የለም።
ልወጣ ስል እህቴ ደወለች። ድምጿ ቀጠነብኝ።
«ከጠዋት ጀምሮ ደረቴን ይወጋኛል። ንፋስ ነው፣ አይደል?»
«አላውቅም» አልኳት። «ጫማሽን አድርጊ። ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ መጣሁ።»
ይህን የምጽፈው እዚያው ሐኪም ቤት፣ አግዳሚው ላይ ሆኜ ነው። አስገብተዋታል። ገና አልወጣችም።