ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ በአውሮፓ ጉዳይ እንዳይለያዩ

ለማኅበረሰብ አዳራሹ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክብርት ወ/ሮ ምህረት ፋኑኤል
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ቀን፦ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የቅዳሜ የውይይት ክበባችን ለሁለት ሳይከፈል አዳራሹ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

1. አመልካች ኪራኮስ ወንድይራድ፣ ከኤርፖርት ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የክበቡ ሰብሳቢ ነኝ። አባሎቻችን ግማሾቹ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ግማሾቹ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ ይኖራሉ። አብዛኞቻችን አሜሪካ የገባነው በአውሮፓ በኩል ስለሆነ፣ የአውሮፓ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልንም።

2. ባለፈው ወር ርእሳችን «ሕዝብ እምነት እያጣ የአውሮፓ አንድነት ይዘልቃል ወይ?» የሚል ነበር። የሲልቨር ስፕሪንጓ ወ/ሮ ሉባባ በግሪክ የዕዳ ችግር ዘመን አቴንስ ውስጥ አንዲት አሮጊት ይንከባከቡ ነበር። «የአሠሪዬ ጡረታ ሲቆረጥ ማን ጠየቃቸው? መድኃኒታቸውን ለሁለት ሰብረው ሲውጡ ያየሁት እኔ ነኝ!» አሉ። የአሌክሳንድሪያው አቶ ዋለልኝ ደግሞ ሽቱትጋርት የመኪና ፋብሪካ የሠሩ ናቸውና፣ «የጀርመኑን ሠራተኛስ ማን ጠየቀው? ለሌላ አገር ዋስ መሆኑን የሰማው እኮ ከዜና ነው!» ብለው ብድግ አሉ። ድምፅ ከፍ ማለቱን፣ ጠረጴዛም መመታቱን አልክድም። የጎረቤት ክፍል መዘምራን ልምምዳቸውን አቋርጠው እኛን ያዳምጡ ነበር።

3. ስንወጣ ዝናቡ ይወርዳል፤ የወ/ሮ ሉባባ አውቶቡስ አምልጧቸዋል። አቶ ዋለልኝ መኪናቸውን አቁመው፣ «ይግቡ እንጂ፣ ላድርስዎት» አሏቸው። መንገዱን ሙሉ ተከራክረው ቤታቸው ደጃፍ ሲደርሱ፣ ወ/ሮ ሉባባ ሳይወርዱ ቆዩና፣ «እንግዲህ ሁለታችንም የጮህነው ማንም አልጠየቀንም ብለን ነው ማለት ነው» አሉ። አቶ ዋለልኝ ይህን በስልክ ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር።

4. ሰኞ ዕለት ግን ጽሕፈት ቤትዎ ክበቡ ጠብ ፈጥሯል በሚል፣ የሁለቱ ከተማ አባላት በተለያየ ቀን እንዲገቡ መወሰኑን በኢሜይል አሳወቀን። ለሰላማችን እንደታሰበ እንረዳለን። ሆኖም እኛንም የጠየቀን አልነበረም።

5. በቀጣዩ ቅዳሜ ታኮማ ፓርክ ባለው የአባላችን የአቶ ሀቢብ ካፌ ተሰብስበን፣ ተከራካሪዎቹ ቦታ እንዲለዋወጡ አደረግን። ወ/ሮ ሉባባ ለጀርመኑ ሠራተኛ ጠበቃ ቆመው አጥብቀው ስለተሟገቱለት፣ አቶ ዋለልኝ «ኧረ ከእኔ በላይ ጀርመን ሆኑ!» ብለው ቤቱን አሳቁት። እርሳቸው በተራቸው ስለ አሮጊቷና ለሁለት ስለተሰበረው መድኃኒት ሲናገሩ ግን ወ/ሮ ሉባባ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ «አውሮፓ አንድ ሆና ትቀጥል?» ተብሎ እጅ ሲወጣ ሁሉም ደገፈ። ሎንደን የኖሩት አቶ ሀቢብ ብቻ፣ «እኛ እንግሊዞቹ ከኅብረቱ ወጥተናል፤ አያገባኝም» ብለው ሻያቸውን ቀዱ።

6. ስለዚህ ውሳኔው ተነስቶ እንደቀድሞው ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድነት እንድንገባ እንዲፈቀድልን በትሕትና እንጠይቃለን። ከመዘምራኑም ጋር ተነጋግረን፣ ልምምዳቸው እስኪያበቃ ለመጠበቅ ተስማምተናል። የሚቀጥለው ርእሳችን «የታጣ የሕዝብ አመኔታ እንዴት ይመለሳል?» የሚል ሲሆን፣ ጥያቄዎቹን ወ/ሮ ሉባባ፣ መልሶቹን አቶ ዋለልኝ እያዘጋጁ ነው። በተለያየ ቀን ግቡ ከተባልን አዳራሹ አንዱን ቀን ጥያቄ ብቻ፣ ሌላውን ቀን መልስ ብቻ ሲሰማ ሊውል ነው።

ከአክብሮትና ከሞቀ ሰላምታ ጋር
ኪራኮስ ወንድይራድ
(ፊርማ)
የክበቡ ሰብሳቢ