ስለ ፑሽ ኢሜይሉ፣ ስለ አፑና ስለ ዐብዲሻኩር ስልክ

ለክቡር አቶ ዘርዓብሩክ
የደቻቱ ዳር ነጋዴዎች ኅብረት የመረጃ ዘርፍ ኃላፊ
ድሬዳዋ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው እያልኩ፣ የቢሮዎ ቬንትሌተር ሳይቋረጥ እንዲነፍስልዎ፣ የስልክዎ ባትሪም ወርዶ እንዳያሳቅቅዎ ልባዊ ምኞቴን እገልጻለሁ። እኛም ፈጣሪ ይመስገን አለን። ባለቤቴ ወይዘሮ ማዘንጊያ ብቻ ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታለች፤ ይህን የምጽፈው ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ስለሆነ ቃሌ እዚህም እዚያም ቢሻክር ይቅር እንዲሉኝ እለምናለሁ።

እኔ ወልደጻድቅ እባላለሁ፤ ድልድዩ አጠገብ የባጃጅ መለዋወጫ የምሸጥ የኅብረቱ አባል ነኝ። ዓምና ባስተላለፉት መመሪያ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ከእንግዲህ በኢሜይል ብቻ እንደሚደርሰን ገልጸው፣ ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ አዝዘውን ነበር፦ ወይ መልእክት በመጣ ቁጥር ስልኩ ራሱ እየጮኸ የሚነግረንን ፑሽ ኢሜይል፣ ወይ ደግሞ በተመቸን ጊዜ ከፍተን የምናይበትን አፕ። ምርጫ ስለሰጡን እናመሰግናለን፤ ይህንንም የማይሰጥ ኃላፊ ሞልቷል።

ከዚያ በፊት የነበረን አሠራር ኋላቀር መሆኑን አልክድም። እንደሚያውቁት የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ካልቱንን የመሰሉ ቲማቲም ሻጮች አሸዋው ላይ ይዘረጋሉ፣ ባጃጅ ይቆምበታል፣ ሰው ያቋርጥበታል። እኛን እዚህ ፀሐይ እያቃጠለን እላይ ደንገጎ ተራራ ላይ ይዘንባል፣ ጎርፉም በጠራ ሰማይ ከተፍ ይላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለሌላ አገር ወንዝ ነው፤ የእኛው ለማሳሳቅ ጊዜ የለውም። ስለዚህ ደንገጎ ላይ ሻይ ቤት ያለው ዐብዲሻኩር ውሃው ሲወርድ ባየ ቁጥር ለባጃጅ ነጂው ለተማም ይደውልና «ቢዮ! ቢዮ!» ብሎ ይዘጋ ነበር። በሶማሊኛ ውሃ ማለቱ ነው። ተማም ክላክሱን ሳይለቅ በወንዙ ዳር ይከንፋል፣ የሰማው ባጃጅ ሁሉ ይቀባበለዋል፣ አሸዋው ላይ ያለው ሰውም ይወጣል። ያን ሁሉ ሰው የጨረሰውን የዘጠና ስምንቱን ጎርፍ ያየ ሰው ያን ክላክስ ሰምቶ ዕቃ አይሰበስብም።

ክቡርነትዎ ግን «ያልተጣራ መረጃ ሽብር ይነዛል» ብለው ዐብዲሻኩር መደወሉን ትቶ ለቢሮዎ በኢሜይል እንዲጽፍ፣ ቢሮዎም አጣርቶ እንዲያሰራጭ ወሰኑ። ሽብር እንዳይነዛብን መጨነቅዎን ሳስብ ልቤ ይነካል። ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ማዘንጊያ ምንም እንዳያመልጣት ብላ ፑሹን መረጠች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ዕረፍት አላወቀም። የስብሰባ ጥሪ ይመጣል፣ ስብሰባው መራዘሙ ይመጣል፣ የበዓል መልካም ምኞትዎ ይመጣል፣ መልካም ምኞትዎን ላደነቁ ሁሉ ያቀረቡት ምስጋና ይከተላል፣ ችግኝ ሲተክሉ የተነሡት ፎቶ ከነማብራሪያው ይደርሳል። ጠዋት ሞልታ የወጣችው ባትሪ ምሳ ሰዓት ላይ ትሞታለች። በመጨረሻ ስልኳ ሲጮህ ቦርሳዋን መክፈት ተወች። «ኃላፊው ናቸው፤ ዛሬ ደግሞ በምን መርቀውን ይሆን?» ትል ነበር። ምርቃትዎን ስለናቀች በእርሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

2. እኔ አፑን መረጥኩ። አንዳችን ብናጠፋ ሌላችን እናርማለን ብለን ነበር በአንድ ቤት ሁለቱንም የያዝነው። አፑ ጨዋ ነው፤ ካልከፈቱት ትንፍሽ አይልም። ነገር ግን ደንበኛ ከፊቱ ቆሞ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ «እስቲ ጎርፍ መጥቶ እንደሆነ ልይ» ብሎ ስልኩን የሚከፍት ነጋዴ ካለ ለአባላት በአርአያነት ያስተዋውቁልን።

3. ያን ዕለት ማዘንጊያ አሸዋው ላይ ካልቱን ዘንድ ቲማቲም ስትመርጥ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ጮኸ። ካልቱን «ስልክሽ እኮ ነው» ብላታለች። ማዘንጊያ ቲማቲሟን መምረጥ ቀጠለች። የጮኸው ማስጠንቀቂያው ነበር። በጊዜው ደርሷል፤ ፑሹ አላጠፋም፤ ጥፋቱ ጆሯችንን ቀድሞ ያደነቆረው ነው። ደግነቱ ዐብዲሻኩር ኢሜይሉን ከጻፈ በኋላ ልቡ አላምን ብሎት፣ መመሪያዎን ጥሶ ለተማም ደወለ። ክላክሱ ሲሰማ ሁሉም ሮጠ። ማዘንጊያ ዳርቻው ላይ ስትደርስ ድንጋይ አዳልጧት ወደቀች፤ ተማምና ካልቱን ጎትተው አወጧት። የካልቱንን ቲማቲም ከነመደቡ ውሃው ይዞት ሄደ። እኔ አፑን የከፈትኩት ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነው። ማስጠንቀቂያዎ «ለጥንቃቄ ያህል» በሚል ርእስ፣ ከነደብዳቤ ቁጥሩ፣ በሁለት የእንኳን አደረሳችሁ መልእክቶች መካከል ጠበቀኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚባለው፤ እርግጥ የእርስዎ ቀድሞ ጮኋል፣ ግን ሁልጊዜ ሲጮህ ስለኖረ ማን ይስማው።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ፈርቻለሁ። ሚስቴን ልቀብር ነበር። ፑሽ ይሻላል ወይስ አፕ እያልን ዓመቱን ሙሉ ተከራከርን፤ ሰው ነፍሱን ይዞ የሚሮጠው ግን በሚያውቀው ሰው ድምፅ ነው። ኢሜይሉ ይቅር አልልም። በፑሹ በኩል ማስጠንቀቂያ ብቻ ይምጣ፤ ምርቃትዎን፣ ስብሰባዎንና ችግኝዎን አፑ ውስጥ ያስቀምጡልን፣ ስንናፍቅዎ ከፍተን እናያለን። ዐብዲሻኩርም እንደ ቀድሞው እንዲደውል ይፈቀድለት። ልመናዬ ይኸው ብቻ ነው።

ሳይታክቱ ስለሚመርቁን እጅ እየነሣሁ፣ ይህ ደብዳቤ ተጣርቶ እስኪደርስዎ ድረስ ዝናቡን እንዲያዘገይልን አምላክን እየተማጸንኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ወልደጻድቅ፣ የማዘንጊያ ባል

ማስታወሻ፦ ዐብዲሻኩር መመሪያ ጥሶ በመደወሉ የጻፉበት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። በፑሽም በአፕም አልመጣለትም፤ ማዘንጊያ በወደቀችበት ዕለት የቢሮዎ ሞተረኛ ደንገጎ ድረስ ወጥቶ በእጁ ሰጥቶት፣ አስፈርሞት ተመልሷል። ለካስ ሲፈልጉ ሰው ዘንድ መድረስ ያውቁበታል። እርሱም ታዝዞ መደወል ትቷል። አሁን በመስኮት ሳይ ደንገጎ ጠቁሯል፣ ካልቱንም ተመልሳ አሸዋው ላይ ዘርግታለች። በዚህች ደቂቃ የማዘንጊያ ስልክ ጮኸና ሁለታችንም ደነገጥን፤ ከፍተን ስናየው መልካም ክረምት ተመኝተውልናል።