በተረኛ ፊርማ ስለተነሣው ወሬና ስለ ሁለቱ ዐቃቤያነ ሕግ ሞት

ከወረዳው ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት፣
ለሠራተኞቻችን፣ ለፍርድ ቤት ባልደረቦቻችንና ለነዋሪው በሙሉ

ሁለት ዐቃቤያነ ሕግ ባልደረቦቻችን ባለፈው ሳምንት በሁለት ቀን ልዩነት ተገድለውብናል። አንደኛው ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ሁለተኛዋ ሐሙስ በምሳ ሰዓት ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሲወጡ በጥይት ተመትተው ሕይወታቸው አልፏል። ጽሕፈት ቤታችን የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ይገልጻል። ይህ ዐረፍተ ነገር በእንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ ሁልጊዜ የሚጻፍ መሆኑን እናውቃለን፤ እኛም ለሌሎች ስንጽፈው ኖረናል። አሁን በራሳችን ደርሶ አየነው። ስምንት ክፍል ብቻ ባለው ኮሪደር ላይ ሁለት በር ተቆልፎ ሲውል፣ በዚያ በኩል ማለፍ ከብዶን ሰንብቷል።

ማክሰኞ ያጣናቸው ባልደረባችን በዚህ ጽሕፈት ቤት ሃያ ሰባት ዓመት አገልግለዋል። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አንድም ቀን «ቀጠሮ ይለወጥልኝ» ብለው ችሎት ጠይቀው ስለማያውቁ፣ ከዳኛው እስከ ጥበቃው ሁሉም «አባ ቀጠሮ» ይላቸው ነበር። እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም፤ ስልክ ሲያነሡ ራሳቸው «አባ ቀጠሮ ነኝ» እስከማለት ደርሰው ነበር።

በአገልግሎታቸው ስድስተኛ ዓመት፣ በመዝገብ ቤቱ ወለል ላይ በሲባጎ ታስረው የተከመሩ ከአራት መቶ የሚበልጡ መዝገቦችን አንድ በአንድ ፈትተው፣ በሕይወት ያለውን ባለጉዳይ ከሌለው ለይተው፣ በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ለሁሉም መቋጫ አበጅተውላቸዋል።

በአሥራ ስምንተኛው ዓመት የላይኛው ፎቅ ቧንቧ ፈንድቶ መዛግብቱ ሲርሱ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ገብተው አውጥተዋቸዋል፤ በየመስኮቱ ዘርግተውም አድርቀዋቸዋል። አንድም ገጽ አልጠፋም። ዛሬም ወረቀቱ የተሸበሸበ መዝገብ ባጋጠመን ቁጥር የሳቸው እጅ እንዳለበት እናውቃለን።

ላለፉት ሃያ ዓመታት አዲስ ገቢዎችን አሠልጥነዋል። የመጀመሪያው ትምህርታቸው አጭር ነበር፦ «ምስክር ሲቆም አንተ ዝም በል። አንተ ከለፈለፍክ እሱ ምን ቀረው?» የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም ከእነዚያ ሠልጣኞች አንዱ ነው።

ሐሙስ ያጣናቸው ባልደረባችን አሥራ አራት ዓመት ሠርተዋል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት በሕፃናት ጉዳይ፣ የቀሩትን አራት ዓመታት ደግሞ በአደጋ የሰው ሕይወት በጠፋባቸው መዝገቦች ላይ አሳልፈዋል።

በሦስተኛው የሥራ ዓመታቸው፣ ሕፃናት ምስክሮች ከተከሳሽ ፊት ሳይቆሙ በትንሽ ክፍል ውስጥ ቃላቸውን እንዲሰጡ ተከራክረው አስፈቅደዋል። ክፍሉ ሲሰጣቸው ለሕፃን የሚሆን ወንበር አልነበረውም፤ አንዲት አጭር ወንበር ከቤታቸው ተሸክመው መጡ። ወንበሯ አሁንም እዚያው ናት።

ያልተስማሙበት ነገር ሲገጥማቸው በሮዝ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈው በስፒል ከመዝገቡ ጥግ ይሰኩት ነበር። ስለዚህ «ባለ ስፒሏ» እንላቸዋለን። በጽሕፈት ቤታችን በስፒላቸው ጣቱ ያልተወጋ ሰው የለም። በሐሳባቸው ያልተወጋም ጥቂት ነው።

ይህ ስለ ሥራቸው ነው። አሁን ወደ ወሬው እንምጣ፤ የዝምታችን ጊዜ አልፏልና።

ገዳዮቹ አልተያዙም። ለምን እንደገደሉ ፖሊስ እየመረመረ ነው፤ እኛ አናውቅም። ከተማው ግን አውቆ ጨርሷል። ፀጉር ቤት የገባ ሰው ተስተካክሎ እስኪነሣ ድረስ ሦስት ዓይነት ምክንያት ይሰማል። «የመሬት ጉዳይ ነው» ይላል አንዱ፤ ሁለቱም ላለፉት አራት ዓመታት አንድም የመሬት መዝገብ አልያዙም። «የፍቅር ጣጣ ነው» ይላል ሌላው፤ አባ ቀጠሮ ጡረታቸው ሁለት ወር የቀረው፣ ከቢሮ ወደ ባለቤታቸው ልብስ ስፌት ቤት፣ ከዚያ ወደ ቤታቸው እንጂ ሌላ መንገድ የማያውቁ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ወሬውን ሲሰሙ ከለቅሶው መሀል ሳቅ አምልጧቸው «እሱ? የገዛ ልደቱን እንኳ እኔ የማስታውሰው ሰውዬ?» ብለዋል። እነዚህን ሁለቱን ወሬዎች ንቀን ማለፍ እንችላለን። ሦስተኛውን ግን አንችልም።

ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ አንድ ወረቀት ፎቶ ተነሥቶ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። በግንባታ ላይ የነበረ ሕንፃ ተደርምሶ አራት ሠራተኞች የሞቱበትን መዝገብ «በቂ ማስረጃ አልተገኘም» ብሎ የዘጋ ውሳኔ ነው። ከግርጌው ያለው ፊርማ የባለ ስፒሏ ነው። ፊርማው እውነተኛ ነው፤ አንክድም። ሰው ከዚህ ተነሥቶ የቀረውን ራሱ ሞላው። ባለ ስፒሏ ከሥራ ተቋራጩ ጉቦ በልተው መዝገቡን ዘጉ፣ አባ ቀጠሮም አብረው ነበሩ፣ የሟች ቤተሰቦች ደግሞ ደማቸውን መለሱ ተባለ። በዚህ ወሬ ምክንያት በፍርስራሹ ከሞቱት ከአራቱ የአንዱ ግንበኛ ሚስት ወንድም ከሚሠራበት ጋራዥ «ነገሩ እስኪጣራ ቤትህ ተቀመጥ» ተብሎ ተመልሷል። ሰውዬው በሁለቱም ቀን ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ የዋለ ነው፤ ፖሊስም ይህን አረጋግጧል።

ረቡዕ ዕለት ለቅሶ ለመድረስ ወደ ባለ ስፒሏ እናት ቤት ሄደን ነበር። እናት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። እንደተቀመጥን ስልካቸውን ከመቀነታቸው አውጥተው ፎቶውን አሳዩን።

«ይህን ልጄ ፈርማለች ወይስ አልፈረመችም?» አሉ።

ኃላፊው «ፈርመዋል እናቴ፣ ግን…» ብሎ ሳይጨርስ አቋረጡት።

«ግኑን ለእኔ አትንገረኝ። እኔ ልጄን አውቃታለሁ። ግኑን ውጭ ላለው ሰው ንገር። ልጇን ትምህርት ቤት ‘እናትሽ የተገዛች ናት’ እያሏት ነው። ልጅቷ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልሄድም ብላ ተኝታለች።»

በዚያው ሰዓት የግንበኛው ባለቤት ለለቅሶ መጥተው፣ ደጅ ላይ የተቀመጡ ሰዎች አናስገባም ብለዋቸው ነበር። እናት ድምፁን ሰምተው ራሳቸው ወጡ፤ እጃቸውን ይዘው አስገብተው ከጎናቸው አስቀመጧቸው። «መዝገቡ ሲዘጋ ቤቴ ድረስ መጥተው ‘እኔ አልተቀበልኩትም’ ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው» አሉ የግንበኛው ባለቤት። የምናውቀውን ነገር ከሌላ ሰው አፍ መስማት ያሳፍራል።

እንግዲህ ግኑ ይህ ነው።

በጽሕፈት ቤታችን «የተረኛ ፊርማ» የሚባል አሠራር ነበር። መዝገብ ቤት ከአሥር ሰዓት በኋላ ወረቀት አይቀበልም፤ ዐቃቤያነ ሕጉ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ችሎት ላይ ናቸው። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ዐቃቤ ሕግ ተረኛ ሆኖ ቢሮ ይቀርና፣ ማንም ይወስነው ማን፣ የዕለቱን ወረቀት ሁሉ ፈርሞ ያወጣል። ለእኛ ይህ ፊርማ ወረቀቱ ከቢሮ ወጣ ማለት ብቻ ነው። ይህን ለውጭ ሰው ነግረን አናውቅም። በወረቀቱም ላይ ወሳኙ ማን እንደሆነ የሚገልጽ አንዲት መስመር አላስገባንም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሠራን፤ ቀላል ነበርና። ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ያን መዝገብ የዘጋው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው። ጉቦ አልተቀበለም፤ ነገር ግን ቸኩሎ ነበር፣ መዝገቡንም እስከ መጨረሻው አላነበበም። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ተረኛዋ ባለ ስፒሏ ነበሩ። ወረቀቱ ሲደርሳቸው ይዘውት ወደ ኃላፊው ክፍል ገብተው «ይህንንም እኔ ልፈርም?» ብለው ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ «ተረኛዋ እርስዎ ነዎት» የሚል ነበር። ፈረሙ። ከዚያም ሮዝ ወረቀታቸውን ጽፈው በስፒል ሰኩበት። መዝገብ ቤት የተንጠለጠለ ወረቀት ያለበትን መዝገብ ስለማይቀበል፣ ኃላፊው ስፒሉን ነቅሎ ወረቀቱን መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠው። ፊርማቸው ወጣ፣ ቃላቸው ውስጥ ቀረ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ ስለ አንድ ምስክር የጻፉትን ሁለት መስመር ለምስክሩ ደኅንነት ስንል ትተናል፦

«በዚህ ውሳኔ አልስማማም። ቃሉ መወሰድ ያለበት ሰው አለ፤ አልተጠየቀም። እኔ የፈረምኩት ተረኛ ስለሆንኩ ብቻ ነው። መዝገቡ ይከፈት።»

ባለ ስፒሏ በዚህ አላበቁም። ጉዳዩን ለአባ ቀጠሮ አማከሩ። አባ ቀጠሮ በምሳ ሰዓታቸው በአውቶቡስ እየተመላለሱ በአራተኛው ቀን ምስክሩን አገኙት። ቃሉ በሕጉ መሠረት ተወሰደ። ሁለቱም ከአንድ ወር በፊት ኃላፊው ክፍል ገብተው የምስክሩን ቃል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ አባ ቀጠሮም እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው ተቀመጡ። ኃላፊው አንብቦ ሲጨርስ መዝገቡ እንዲከፈት ወሰነ። በዚያ ውሳኔ ላይ ግን የፈረመው ሌላ ተረኛ ነበር፤ እኛም ስላልተናገርን፣ መዝገቡ ተከፍቶ ክስ መመሥረቱንም ሆነ ያስከፈተው ማን እንደሆነ ከተማው አያውቅም። ምስክሩ ዛሬ ከነቤተሰቡ በጥበቃ ሥር ነው።

ይህን ስንል ገዳያቸው እገሌ ነው፣ ምክንያቱም ይህ ነው ማለታችን አይደለም። እንዲያ ካልንማ እኛም ፀጉር ቤት ገብተን ተቀመጥን ማለት ነው። ያለ ማስረጃ ሰውን መክሰስ ሥራችን አይደለም። እኛ የምናውቀውን ብቻ እንናገራለን፤ ሁለቱ ባልደረቦቻችን አልተገዙም። የሚገዛቸውም አልነበረም። ባለ ስፒሏ መዝገቡን የዘጉ ሳይሆኑ ያስከፈቱ ናቸው፤ አባ ቀጠሮም አብረዋቸው ነበሩ። በዚህ ላይ ቅንጣት ጥርጣሬ የለንም፤ ቃላችንንም ለመርማሪዎች በመሐላ ሰጥተናል።

የሕንፃው መዝገብ የፊታችን ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ይሰማል። የደረሰብንን ሐዘን በማሰብ ችሎቱ ቀጠሮውን ሊለውጥልን እንደሚችል ገልጾልናል። እናመሰግናለን፤ አይለወጥም። መዝገቡን የሚይዙት ከሌላ ወረዳ የመጡ ዐቃቤ ሕግና የአባ ቀጠሮ የመጨረሻ ሠልጣኝ ናቸው። ኃላፊው በዚህ ጉዳይ ስለሚጠየቅ ከመዝገቡ ወጥቷል። ሥራው ግን አይቆምም፤ ሁለቱም እንዲቆም የሚወዱ ሰዎች አልነበሩም።

ለአባ ቀጠሮ ባለቤትና ልጆች፣ ለባለ ስፒሏ እናትና ልጅ፣ ለመላው የሥራ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። የግንበኛውን ባለቤትና ወንድማቸውን ይቅርታ እንጠይቃለን፤ የጋራዡ ባለቤትም ሠራተኛቸውን ነገ ጠዋት ቢጠሩት ደግ አደረጉ። ፎቶውን የላካችሁ ሰዎች ይህንንም መግለጫ ለዚያው ሰው ላኩት። ለባለ ስፒሏ ልጅ ደግሞ የምንለው አንድ ነገር አለን፦ ትምህርት ቤትሽ ተመለሺ። እናትሽን በሚመለከት አንገቱን የሚደፋ ሰው ካለ እኛ ነን እንጂ አንቺ አይደለሽም።

የተረኛ ፊርማ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ከእንግዲህ የወሰነ ራሱ ይፈርማል። የተረኞች ዝርዝር ግን ከግድግዳው ላይ ገና አልወረደም፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ «ዛሬን እንኳ ይዋል» ብላለች። ይህ መግለጫ ተተይቦ ለፊርማ ሲቀርብ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር። ጸሐፊያችን ከልማዷ የተነሣ ማን እንደሚፈርም ለማወቅ ዝርዝሩን ልታይ ሄደች። ተመልሳ መግለጫውን ኃላፊው ፊት አስቀመጠችው። የዚህ ዓርብ ተረኛዋ ባለ ስፒሏ ነበሩ።

መዝገቡን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስፒሉንም የነቀልኩት እኔ ነኝ። ይህን መግለጫ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፈርሜበታለሁ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

አባሪ፦ አንድ ሮዝ ወረቀት፣ በስፒል የተያያዘ። መዝገብ ቤት ተቀብሎታል።