ትንፋሽ እስከ ሻሸመኔ

ልጄ ልዩ፣ ቅዱስ ገብርኤል በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከፍ ከፍ ያለው ደም ግፊቴ ብቻ ነበር። ነርሷ ጉዲቱ «እማማ ጥሩነሽ፣ እስከ አራት እየቆጠሩ አየር ይሳቡ፣ እስከ ስድስት ቀስ ብለው ያስወጡ» አለችኝ።

ቁጥሩ ሲምታታብኝ አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ የአውቶቡስ ረዳት ሳለ የሚጣራው የከተሞች ስም ትዝ አለኝ፤ አንቺም ጋቢና ተቀምጠሽ አብረሽው ትጮኺ ነበር። በልቤ «ሞጆ፣ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ» እያልኩ እስባለሁ፤ «ዝዋይ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ፣ ላንጋኖ፣ ነጌሌ፣ ሻሸመኔ» እያልኩ አስወጣለሁ። ሰውዬው በሕይወት ሳለ እንኳ እንዲህ አሳርፎኝ አያውቅም!

ክኒኔንም አልተውኩም፤ ግፊቴ ወርዷል። ያንቺ ትንፋሽ ግን ስልክ ላይ ሞጆ እንኳ ሳይደርስ ይቆረጣል። እባክሽ ልጄ፣ ከመደወልሽ በፊት ሻሸመኔ ደርሰሽ ነይ። መንገዱን ሁሉ ያቅናልሽ።

እናትሽ ጥሩነሽ፣ ከአዳማ