ለቪትዟ ተርቦ አትላክ

ይድረስ ለወንድሜ ለዓሪፍ፣ ጅዳ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ወንድምዓለም፣ እንደምን አለህልኝ? ወገብህን ተሻለህ ወይስ አሁንም መኪና ሥር በጀርባህ ተኝተህ ትውላለህ? ሀስናስ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ አልሐምዱሊላህ በጤና አለን። እማዬን ብርድ ሲሆን ጉልበቷ ይይዛታል እንጂ ሌላ ሕመም የላትም። የመስኖው ሽንኩርት ስለደረሰ መርሳ ከጧት እስከ ማታ ጭነት ላይ ናት። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን፣ የጎረቤታችን ልጅ ለይላ ወደ አንተ ስትመጣ ይህን በእጇ ሰድጄልሃለሁ።

ነገሬ ስለ ተርቦው ነው። ቪዲዮውን ያየህ ዕለት ደውለህ፣ ለሞተሩ ጉልበት የሚጨምር አሮጌ ተርቦና የሚያጓራ ሰፊ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ልላክልሽ፣ መኪናሽ ቪትዟ ላይ አስገጥመሽ ጀብሪልን አቧራ ታስቅሚዋለሽ ብለኸኝ ነበር። እኔም የዚያን ቀን ወላሂ አደርገዋለሁ ብዬ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ጀብሪል እንደኔው ከመርሳ ወልድያ ኮንትራት ይሠራል። ነጋዴ ሴቶቹ፣ ረሂማ አትሰድበንም እያሉ ወደኔ መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ዓይኔን ማየት አስጠላው። እማዬን ወልድያ ሐኪም ቤት ላደርስ የወጣሁ ቀን፣ ከሲሪንቃ በላይ ያለው ዳገት ላይ መኪናዋ ተንገጫግጫ ጠፋች። ከኋላችን የጭነት መኪና ይመጣል። እማዬ ውረጂ ሳልላት ወርዳ ስትገፋ ሻሿ ከራሷ ወደቀ። ጀብሪል ኮሮላውን ዳር አቁሞ ይቀርጻል፤ "የረሂማ መኪና በቤንዚን ሳይሆን በእናት ነው የምትሄደው" እያለ ሲስቅ ድምፁ ይሰማል። ያንኑ ቪዲዮ ለሰው ሁሉ በተነው። እማዬ ከዚያ በኋላ ገበያ መውጣት ተወች። ፀጉሬን አገር አየው ትላለች።

መኪናዋን አስጎትቼ ቤት አቆምኳት። በአራተኛው ቀን ወልድያ ጋሽ አስፋው ጋራዥ አስጎትቼ ወስጄ ተርቦ ይግጠሙልኝ አልኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ "ለሥራ ነው ለንዴት?" አሉኝ። "ለንዴት" አልኳቸው። "ደግ፤ እስካሁን ሁሉም ለሥራ ነው እያለ ሲዋሸኝ ነው የኖረው" ብለው ሳቁና ወደ ጥግ ወሰዱኝ። የጀብሪል ኮሮላ ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማለች። ከሌላ መኪና የተነቀለ ተርቦ አስገጥሞ፣ ሞላዋን አስቆርጦ ዝቅ አድርጓት ነበር። በዋዜማው ሞተሯ ግሎ የሞተሩ ክዳን ቴስታታው ስለጠመመ ተጎትታ ገባች። "ያንቺዋ አንድ ሺህ ሲሲ ናት፤ ፒስተኗም ማርሿም ፍሬኗም የተሠሩት ለዚያችው ጉልበት ነው። ተርቦ ከጨመርኩ ራዲያተሩን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ፍሬኑን ልቀይር ነው። ያን ሁሉ ቀይሬም ዳገቱን የምትወጪው ሦስት ደቂቃ ቀድመሽ ነው። ቤንዚኑንስ ከየት ታመጪዋለሽ? ለዚህችም ጣቢያ ላይ ተሰልፈሽ ታድሪያለሽ። ይልቅ መጀመሪያ ያላትን ጉልበት ትስጠን" አሉኝ።

ከዚያ ከታንከሯ ቤንዚን ወደ ጠርሙስ ቀዱ። ጥቂት ሲቆይ ከታች ውሃ ለየ። ጋሽ አስፋው ጠርሙሱን አሳዩኝና "ይህን ከማን ገዛሽ?" አሉኝ።

ከማን መሰለህ? ከጀብሪል ነው። ሐኪም ቤት በወጣንበት ቀን ዋዜማ ማታ በጀሪካን ይዞ እደጃችን ድረስ መጥቶ፣ "እህቴ፣ ለእማ ሐኪም ቤት መሄጃ ብዬ ያስቀረሁልሽ ነው" ብሎ ሸጠልኝ። ለካ ስልኩን አዘጋጅቶ ዳገቱ ላይ የጠበቀን የሚሆነውን አውቆ ነው። ተርቦ ቢኖራትስ ምን ይጠቅመን ነበር? ያው ውሃውን ነበር የምትጠጣው።

በማግስቱ ጠርሙሱን ይዤ መርሳ መናኸሪያ ሄድኩ። ሾፌሮቹ ሻይ ይጠጣሉ። ጀብሪል ፊት አስቀመጥኩና "ከአንተ የገዛሁት ነው" አልኩ እንጂ አልጮህኩም። የሚኒባስ ሾፌሩ ጌትነት ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየና፣ "ጀብሪሎ፣ ዓሣም ጨምረህ ትሸጣለህ እንዴ?" አለው። ሁሉም ሳቁ። ሁለቱ ግን በዚያው ሳምንት ከእሱ ገዝተው ኖሮ ሳቃቸውን አቋርጠው ወደ መኪናቸው ሮጡ። ጀብሪል ጥፋቱ የጣቢያው ነው ቢልም የሰማው የለም። ዛሬ ከእሱ አንድ ሊትር የሚገዛ ሾፌር አታገኝም፤ ሻይ ቤት ሲገባም ወንበር የሚለቅለት የለም። ሽማግሌ ልኮ ነበር። እማዬ ለአላህ ብዬ ትቼዋለሁ አለች። እኔ ግን የሷን ትበል፣ የኔ ይቆየኝ ብዬ መለስኳቸው።

ስለዚህ ተርቦውን አትላክ፤ ማርሚታውንም ተወው። እውነቱን ልንገርህ፣ የማርሚታውን ድምፅ አሁንም እመኘዋለሁ፤ በጀብሪል በር ላይ እያጓራሁ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ታንከሯ ታጥቦ፣ ፊልትሮና ካንዴላ ተቀይሮላት ዳገቱን ያለ ማንገራገር ትወጣለች። መላክህ ካልቀረ የፊት ፍሬን ሸራ ላክልኝ፤ ቁልቁለቱ ላይ እሱ ነው የሚያስፈልገኝ።

ያለፈው ሐሙስ የሆነውን ጨምሬልህ ላብቃ። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እወጣለሁ ብላ ወደ ወልድያ ይዣት ስሄድ፣ ከመርሳ መውጫ ላይ ጀብሪል ቆሞ መኪና ይለምናል። ኮሮላው ገና ጋራዥ ናት። ፀሐዩ ዓይኑን ስለያዘው እኛ መሆናችንን ሳያውቅ እጁን ዘረጋ። እማዬ "አቁሚለት" አለችኝ። አለፍ ብዬ አቆምኩ። አንድ ጆንያ ሽንኩርት በትከሻው ተሸክሞ እየሮጠ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ማን እንደሆንን ሲያይ ማርሽ አስገብቼ ጥዬው ሄድኩ። እማዬ ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ "ሌላ ጊዜ ትንሽ ራቅ አድርገሽ ቁሚለት፤ ይሩጥ" አለችኝ።

ለሀስና ሰላምታዬ ይድረሳት። ትልቁን ልጅህን ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ። እማዬ ረመዳን ሳይገባ ድምፅህን አሰማኝ ብላለች። አክስታችን ምርቃቷን ልካልሃለች፤ ጋሽ አስፋውም ለዚያ መካኒክ ወንድምሽ ሰላም በይልኝ ብለዋል። አላህ በሰላም ያገናኘን።

እህትህ ረሂማ
መርሳ፣ ሐብሩ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.