ስለ ማርያማዊት ከንፈር ለሥርዓት አስከባሪያችን

ለተከበሩ አቶ አበባው፣ የደብራችን ሥርዓት አስከባሪዎች ሰብሳቢ፤
ግልባጭ፦ ደጀ ሰላሙን ተሻግሮ ለሚያልፍ ምእመን ሁሉ፤

እንደምን ከርመዋል? ወገብዎን አይመምዎ፣ ዓይንዎ አይፍዘዝ፤ ከወንዶች በር እስከ ሴቶች በር ሳይታክቱ የሚመላለሱበት እግርዎም ለደብራችን ብዙ ዘመን ይቆይልን። እኔ ከሮብ ገበያ በላይ ገብስና ድንች የማርስ፣ በእርስዎ ፊት ቀና ብዬ የማላውቅ፣ የሺዋስ ነኝ። ፊት ለፊት መናገር ስላፈርሁ ጽፌ ደጀ ሰላሙ ላይ ለጥፌዋለሁና ለድፍረቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ልጄ ማርያማዊት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልቧ ከነቀዳዳው ነው የተፈጠረው፤ ደብረ ማርቆስ የመረመራት ሐኪም እንዳስረዳን ደሟ በቂ አየር ስለማያገኝ ከንፈሯና ጥፍሯ ይጠቁራል፤ ሲደክማት ቁጢጥ ትላለች፣ ቁጢጥ ስትል ትንፋሿ ይመለሳል። እናቷ አሰገደች ጸበሉንም መድኃኒቱንም ሳታቋርጥ፣ ልጄ ድና ከገባች ለእመቤታችን ጃንጥላ አገባለሁ ብላ ተስላለች። አሁን አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ተራዋ ደርሷል። ልጅቱ ግን አልሄድም ብላለች። ምክንያቱን ከዚህ በታች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በቅጽሩ ከጽዱ ሥር ሆነን ስናስቀድስ፣ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ብሎ የተቀመጠው ሁሉ ሲነሣ፣ የእኔ ልጅ ቁጢጥ ማለቷን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ለይተው ስላዩልኝ አመሰግናለሁ። ሌላው ሰው ልቡን ወደ መቅደሱ ሲያነሣ የእርስዎ ልብ ከአንዲት ሕፃን ጉልበት ላይ መዋሉ ለሥርዓት ያለዎትን ትጋት ያስመሰክራል። መጥተው በመቋሚያዎ ጫፍ ትከሻዋን ነካ ሲያደርጓት፣ እኔ ደግሞ ሰው አየን ብዬ ብብቷን ይዤ ብድግ አደረግኋት። ቅዳሴው እስኪያልቅ ጽዱን ተደግፋ ስታቃስት እየሰማሁ አስቀደስሁ።

ሁለተኛ፤ በኅዳር ጽዮን ዕለት፣ ከዋዜማው ጀምሮ እህል ሳትቀምስ ነጭ ለብሳ ለቁርባን በተሰለፈችበት፣ ከንፈሯን አይተው እንጆሪ በልታ መጥታለች ብለው ከሰልፉ ስላወጧት ምስጋናዬ ወደር የለውም። በኅዳር በየአጥሩ አፍ የሚያጠቁር እንጆሪ ይበስላል፤ ልጅም እንጆሪ ይወዳል፤ ስለዚህ ጥርጣሬዎ መሠረት አልነበረውም አልልም። እንዲያውም ሳያጣሩ ላለመፍረድ በነጠላዎ ጫፍ ከንፈሯን ጠረጉት። ጥቁረቱ አልለቅ ሲልዎት፣ ጠግባ መብላቷን ለተሰለፈው ሰው ሁሉ አስረዱ። እንዲህ ያለ ምርመራ ደብረ ማርቆስ እንኳ አላየንም።

ሦስተኛውን የምጽፈው በራሴ ላይ ነው፤ ከሳሹም ተከሳሹም እኔ ነኝና። እውነት በልታለች ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልሁ።

ለምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ፣ በዚያው ሳምንት ታላቅ እህቷን ትሕትናን ሽማግሌ ልኮ የጠየቀ ሰው ነበር። በዘራቸው ሕመም አለ ተብሎ ጋብቻው እንዳይፈርስ ፈራሁ። የታመመች ልጅ ከሚኖረኝ ሆዳም ልጅ ብትኖረኝ ይሻላል ብዬ በቅጽበት መረጥሁ። ማርያማዊት ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያም አባቷን ላለማሳፈር እንጆሪ በልቻለሁ ብላ አንገቷን ደፋች። የአባት ዕዳ ለልጅ ሲባል እሰማ ነበር፤ በገዛ ዓይኔ ሲከፈል ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። አፈርሁ፤ እስከ ዛሬም አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ አልረገጠችም። አዲስ አበባም አልሄድም የምትለው፣ ሐኪሙ ልቤን ሲከፍተው በቁርባን ሰልፍ ላይ የዋሸሁትን ያየዋል ብላ ነው። የንስሐ አባታችን ቤት ድረስ መጥተው ቢያጽናኗትም፣ እርሷ የምትፈራው ያን ዕለት ያያትን ሰው ሁሉ ነው።

ስለዚህ ያን ዕለት ያየ ሁሉ ይስማ፤ ማርያማዊት እንጆሪ አልበላችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። የትሕትናም ጋብቻ በዚህ ምክንያት የሚፈርስ ከሆነ ይፍረስ፤ እርሷም ደብዳቤውን ሳነብላት ይህንኑ ጻፍ ብላኛለች። እርስዎም ድምፅዎ ጎላ ያለ ነውና፣ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህን ጽሑፍ እንጆሪውን ባወጁበት ድምፅ ቢያነቡልኝ፣ ልጄ ከአጥሩ ውጭ ሆና ትሰማዋለች። ከሰማች ትገባ ይሆናል፤ ከገባችም ትቆርባለች፤ ከቆረበች በማግሥቱ በደጀን መንገድ አዲስ አበባ ይዣት እሄዳለሁ።

ዘመንዎ ይባረክ፣ ሥርዓትዎ አይጓደል፣ የመንግሥተ ሰማያት በር ጠባቂም እንደ እርስዎ ንቁ እንዳይሆንብዎ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

የሺዋስ፣ የማርያማዊት አባት

ማሳሰቢያ፦ ያን ዕለት ሲቆጡ ፊትዎ ጠቁሮ ትንፋሽዎ ሲቆራረጥ ስላየች፣ ማርያማዊት የእርሷ ሕመም እርስዎንም የያዘዎት መስሏት ማታ ማታ በጸሎቷ ስምዎን ታነሣለች። ቁጣ ነው እንጂ ጤነኛ ናቸው ብላት አላመነችኝም። ከእንጆሪው ወዲህ እኔ የምላትን አታምንም።